የግራ እግር

ሐሙስ ነው፣ ገበያ፤ መንገዱ በልቶ የማይጠግብ ሆድ፣
ባጃጁም ይገባል፣ ጋሪውም ይገባል፣ አንዱም ላይሄድ።
ከአጂፕ የወጣነው በዘጠኝ፤ ዐሥር ሰዓት ሆኗል፣
ያው አጂፕ ከስፖኪዮዬ ላይ ይስቅብኛል።
ዝናቡ አባርቶ ጭቃው አላባራ፣
መጥረጊያው ይፋጫል፣ መስታወት ላይጠራ።

አንደኛ ማርሽ።
ፍሪሲዮን ቀስ፣ ቀስ፣ እስኪነክስ ድረስ፤
ኮሮላዬ ትንቀጠቀጣለች፣ ልክ ሕፃን ልጅ ሊያለቅስ
ከንፈሩን ሲጥል።
ሁለት ክንድ ሄድን።
ፍሬን። ዜሮ።
እንደገና አንደኛ፣ እንደገና ፍሪሲዮን።
ግራ ጉልበቴ ውስጥ ሚስማር የመሰለ ሕመም አለ፣
በቆምን ቁጥር አንድ ጣት እየጠለቀ የዋለ።

ከፊቴ አይሱዙ፤ ከበስተጀርባው የተጻፈ፣
«ቀስ በል ትደርሳለህ»፤ ይህን ካነበብኩ ግማሽ ሰዓት አለፈ።
ትራፊኩ ፊሽካ ይነፋል፣ እጁን ያወናጭፋል፣
የቱ እንደሚሄድ፣ የቱ እንደሚቆም፣ እሱም ጠፍቶበታል።
አንዲት ሴት ዶሮ አንጠልጥላ በመኪኖች መሐል አለፈች፣
ዶሮዋ ተዘቅዝቃ አየችኝ፤ ከኔ ቀድማ ቤት ገባች።

በቀኜ አባቴ ነው፣ ሾፌር ረሻድ፣
በተሳቢ ፊያት፣ በጨለማ፣ ጊቤን ሲወጣ ሲወርድ
ሠላሳ ዓመት የኖረ፤
ዛሬ ከሴት ልጁ ጎን በቀበቶ ታስሮ የቀረ።

ከሐኪም ቤት ነው የምንመጣው። ስኳሩ ግራ እግሩ ላይ ሰፍሯል፤
ነጠላ ጫማው ወልቆ ቢቀር እግሩ አይነግረውም፤ ባዶውን ይሄዳል።
ሐኪሟ መርፌ ይዛ «ይሰማዎታል?» ብትለው
«እንዴታ!» አለ አባቴ፤
መርፌው ገና በእጇ ነው።
እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ሸራውን አቃጠልሽው» ይላል አሁን፤ አፍንጫው እንኳ ደህና ነው፤
«እግርሽን ከላዩ አንሺ! ፍሪሲዮን አልጋ ነው?»
«አባ፣ ተወኝ።»
«እኔ ልተውሽ፤ ሸራው ግን አይተውሽም።»

በርጩማ የጫነ ባጃጅ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ፣
ሾልኮ ገባ፤ የበርጩማው እግር ሁሉ ወደ ሰማይ።
አባቴ ቆጠራቸው። «ሃያ አንድ እግር፤
አንድም የደነዘዘ የለም» አለ።
ሳቀም። እኔ አልሳቅኩም።

አዌቱን ተሻገርን። ከድልድዩ ወዲያ ዳገት አለች፣ አጭር፤
ለእግረኛ ምኑም አይደለች፤ ለማርሽ ግን ትልቅ ነገር።
እዚያው ወገቧ ላይ ቆምን።
ከኋላዬ የውሃ ቦቴ፣ አፍንጫው ጀርባዬን ሊስም፤
አንድ ስንዝር ብንሸራተት ነገ ኮሮላ የለኝም።
ክላክስ። ደግሞ ክላክስ። ላቤ በጆሮዬ ሥር።
አይሱዙው ተንቀሳቀሰ።
ያን ጊዜ ዐይኔ ወረደ፣ ወደ አባቴ እግር።

ጫማ የለውም። ባዶውን ምንጣፉን ረግጦታል፣
እንደ ፍሪሲዮን አምቆ፤ ጣቶቹ እንኳ ነጥተዋል።
ያ ሞቷል የተባለ፣ መርፌ የማይገባው እግር
ከምንጣፉ ላይ ተነሣ፣ ቀስ እያለ፣ በክር በክር፤
መንከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ።
ጠበቀ።
የኔም እሱን አይቶ ተነሣ፤ ቆመ፤ ጠበቀ።
ሁለት ግራ እግር፣ አንድ ፍሪሲዮን።
የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ።
ወደ ኋላ አላለችም።
ትንሽ አጉረመረመች፣ እንደ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገችና
ወጣች።

«አየሽ» አለኝ፣ «እግርሽ ገባው።»
የማን እግር? አላልኩትም። ዐይኑ ከመስኮት ውጭ ነው፤
እግሩ ምን እንደሠራ
ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ጅሬን ስንታጠፍ መንገዱ ተከፈተ፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
ጉልበቴ ውስጥ ያለው ሚስማር ለጊዜው ተኛ።
«ነጠላ ጫማዬስ?» አለኝ፣ ድንገት ጎንበስ ብሎ።
ማን ያውቃል፤ አጂፕ ይሆናል፣ ከጭቃው ተቀላቅሎ።
«ቤት ትተሃት ነው የወጣኸው» አልኩት።
ዝም አለ። ውሸት ሸቶታል፤ አፍንጫው እንደሁ ደህና ነው።
«ማርሽ ቀይሪ» አለኝ።
ቀየርኩ።