አውራ ጣት

ድሬ ላይ ብረት የሚነካው ሳይነጋ ነው።
አንዴ ፀሐይዋ ደቻቱን ተሻግራ ከመጣች
ሰሙም ይፈሳል፣ ጨርቁም ይጣበቃል፣
እጅም ትለበለባለች።
ስለዚህ ከወፍ ቀድሜ ከዚራ ደረስኩ፤
ባልዲ፣ የፍየል ቆዳ፣ አንድ ጣሳ ሰም።
ፔጆዋ ከዛፉ ሥር ቆማለች፣
አራት መቶ አራት፤ ሞተሯ ቢተኛም
ዓይኗ አልተከደነም።

አዴ ኑሪያ ዲሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ።
«የሚነዳት እንኳ የለም» አሉ፣
«ብቻ እንዳትዝግብኝ።»
ሌላ ትእዛዝ አልጠበቅሁም፤
ገባኝ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሙሴ ስታቭሮ ነው፣
ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ጋራዥ የነበረው።
«መወልወል ማለት ብረትን ማራቆት ነው» ይል ነበር፣
«ያራቆትከውን ሳታለብስ ምሳህን አትብላ!»
ሰሙን ስስ አድርግ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት፤
የወፈረ ሰም አቧራ ይጠራል፣
አቧራው ይቧጥጣል ኋላ።
ላብ ደግሞ የብረት ምስጥ ነው፤
በባዶ እጅ የነካኸው ቦታ
ዛሬ ባይታይ ነገ ይጠቁራል፣
እንደ ሐሜት፣ ቀስ ብሎ፣ በዝምታ።

ፓራውልቱን ጨረስኩ፤ ግንባሬን አየሁበት፣
ሽበቴን ወደ ጎን ለጥጦ ሲያሾፍበት።
የጎማ ቆቦቹን፣ የበር እጀታውን፣
ፍርግርጉ መሃል የቆመውን ትንሽ አንበሳ፣
መዳፉን በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁለት።
የግራ መብራቱ ቀለበት ጋ ስደርስ
«እዚያ ላይ ተው!» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ አንድ አውራ ጣት፤
ኒኬሉ ላይ የቀረ፣ የሻይ ቅጠል የሚመስል ጥቁረት።
«የሱ ነው» አሉ። «የረምዚ። ጠዋት ጠዋት
ኮፋኖውን ሲከፍት እዚህ ነበር የሚያሳርፋት።
ሲሄድ ልብሱን ሰጠሁ፣ ጫማውን ሰጠሁ፤
ይህቺን ግን ለማን ልስጣት?»

አሻራውን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ
አንድ ቀጭን መስመር አለ።
ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ።
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤
የሰርዲን ክዳን ጣቴን የሰነጠቀኝ ያን ዓመት ነው።
ሎሚ በጨመቅሁበት እጄ፣ ሙሴ ዞር ሲል፣
ገና ተወልውላ የቆመችውን መኪና
አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣
ውበቷ አሸንፎኝ ነካኋት፤
ደንግጬም፣ ሳልጠርገው፣
ሰም ደረብኩበት።
ጥፋቴን እንደታሸገ ትቼው ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

አውራ ጣቴን ጨርቁ ውስጥ ሸሸግሁ።
ምን ይባላል? «አዴ፣ ይሄ እኔ ነኝ» ይባላል?
በየማታው ቆመው ያዩት
የአንድ ሎሚ በላ ልጅ ጣት ነው ይባላል?
ደግሞስ ማን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት
ረምዚም እዚያው ላይ ተደግፎባት፣
የሱ ላብ ከላይ፣ የኔው ከሥር ሆኖ፣
ድርሻችንን ልንካፈል ነው ወይ፣ ብረት ዳኛ ሆኖ?

አዲስ ጨርቅ አወጣሁ፣ ምንም ያልነካ።
ከሰሙ የጥፍር ጫፍ ታህል ወሰድኩ፤
ዙሪያውን አይደለም፤ በላዩ፣ ልክ በላዩ፣
ስስ አድርጌ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት፣
በክብ በክብ እየዞርኩ፣
እስኪደርቅ እፍ እያልኩ።

ፀሐይዋ አጥሩን ወጣች። አዴ ኑሪያ
ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡ።
ቀኜን ጨርቁ ውስጥ እንደያዝኩ
በግራ እጄ ተቀበልኩ።
ባለጌ ይበሉኝ።