አስራ ሰባት ቁልፍ

ከመኪናው ሆድ ስር አንዲት እጅ ወጣች፣
ግራሶ የጠገበች፣ ጣቷ አንድ የጎደለች።
«አስራ ሰባት!» አለች።
ፊቱን ለማየት እንኳ ገና አልታደልሁም፤
አስራ አራት ሰጠሁት። ስድብ ግን አልሰማሁም፤
ቁልፉን መለሰልኝ፣
መዳፉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ደብረ ሲና ናት ይህች፣ ከጣርማ በር ግርጌ፤
መኪና ከጉም ወጥቶ ሳይደርስ ከደጄ፣
ሽታው ይቀድመዋል፦
ያረረ የፍሬን ሸራ፣ የሾፌር ላብ ይሸታል።

ስድስት ወር ሙሉ ቡሎን ነው ያጠብሁት፣
ከናፍጣ ጣሳ ጋር ክረምቱን ገፋሁት።
«ምን ተማርህ?» አለችኝ እናቴ ከመዘዞ መጥታ፤
ጥፍሬን አሳየኋት፤ ሳቀች ለአንድ አፍታ።

ጋሽ ወንድይፍራው ማስተማር አያውቅም፤
«ስማ» ነው የሚለው፣ ሌላ ቃል የለውም።
ምኑን ነው የምሰማው?
ቆይቶ ነው የገባኝ፦
ቡሎን ሲላላ ይጮኻል፣ ከልክ ሲያልፍም ይጮኻል፤
በሁለቱ መሀል ግን አንዳች ዝም ይላል።
ያችን ዝምታ እጄ ሲፈልግ ከረመ፤
ሦስት ቡሎን በጠስሁ፣ አውራ ጣቴም ታመመ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ሲሚንቶ የጫነ፣
ታምቡሩ የጨሰ መኪና ደጃችን ላይ ገነነ።
«ይህን አንተ ሥራው» ብሎ ሳጥኑ ላይ ተጋደመ፣
ጀርባውን ሰጠኝና ቆሎ ቆረጠመ።
ታምቡሩን አወረድሁ፣
ያረረውን ሸራ ነቀልሁ፣
አዲሱን ቸከልሁ፣
ልኩን የሚነግረኝ የለም፤ በጆሮዬ ፈለግሁ።

ሊነጋጋ ሲል፣ «ማን ሠራው?» አለ ሾፌሩ ከእግሬ እስከ ራሴ ለክቶኝ፤
ጋሽ ወንድይፍራው በአገጩ ጠቆመኝ፣
ጋቢና ወጣና በክንዴ ሳበኝ፤
«ፍሬን የሠራ ሰው ቁልቁለቱን አብሮ ነው የሚወርደው» አለኝ።

ሁለት መቶ ኩንታል ከኋላ ሲገፋን፣
ጉሙ መስታወቱን፣ ፍርሃት እኔን ሲያፍን፣
ሾፌሩ ረገጠ።
በአፍንጫዬ አዳመጥሁ፤ ሽታ የለም።
እንደገና ረገጠ።
በጥርሴ አዳመጥሁ፤ ድምፅ የለም።

አርማንያ ቆምን። ሽማግሌው ጎንበስ አለ፣
መዳፉን ታምቡሩ ላይ ጣለ።
እኔም ከእጁ ጎን መዳፌን አኖርሁ፤
ትኩሳት እንደለቀቀው ሕፃን ግንባር
ለብ ብሎ አገኘሁ።

ምንም አላለኝም።
ስንመለስ፣ ገና ሳንገባ ከጋራጁ ደጅ፣
ሌላ መኪና ስር ተኝቶ ዘረጋት ያችን እጅ።
ቁጥር አልጠራም፤
እኔም አልጠየቅሁም።