ኖራው አልበቃም

ቁልፉ ከባድ ነው፤ የሕፃን ክንድ ያህላል።
ኢልግቫርስ ከኪሱ ሲያወጣው ትከሻው ያዘነብላል።
ሠላሳ አንድ ዓመት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበረ፤
ጡረታ ወጣ፣ ጦሩም ወጣ፣ እሱ ግን ከበሩ ቀረ።
"ምን ያደርግልሃል?" ሲሉት፣ "ማንም አልተረከበኝ" ይላል፤
"ፈርሞ የሚወስድ ሳይመጣ ቁልፍ እንዴት ይጣላል?"

በላትቪያ ዳርቻ፣ የባልቲክ ነፋስ ጡቡን በሚልሰው ግንብ፣
ሦስት ባንዲራ ወጥቶ ወርዷል፤ የቀረው የእርግብ ጎጆ ብቻ፣ በየመስኮቱ ደንብ።
የከተማው ሸንጎ አሥር ስብሰባ ተቀምጦ፣
ግማሹ "ይፍረስ"፣ ግማሹ "ይሸጥ" እያለ አምጦ፣
በመጨረሻ ተገላገለ፦ "የሥዕልና የሸክላ ቤት ይሁን።"
ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ግን የለም፤ "ራሳችሁ ቀቡት" አሉን።

ገባን።
የተቀበለን ሽታ ነው፤ የጠመንጃ ዘይት፣ የረጠበ ካፖርት፣ የአይጥ ኩስ።
መስኮቱን ስንከፍት ባሕሩ እንደ እንግዳ ገባ፣ ቀስ።
በግድግዳው ርዝመት የእንጨት መደርደሪያ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣
ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አርባ፣ አፈሙዝ ያርፍበት የነበረበት።
ዛሬ ብሩሽ ቆሞበታል፣ ጸጉሩ ተንጨፍርሮ፤
ያኔ ቢሆን አሥር አለቃው ይላጨው ነበር፣ በጥፊ አሳምሮ።

ኢልግቫርስ ብሩሽ የሚያድለው መዝገብ ይዞ ነው።
"ቁጥር መቶ ስድስት። ወፍራም፣ የፍየል ጸጉር።
እዚህ ጋ ፈርም።"
አንሲስ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መጻፍ አይችልም፤ ዓሣ ሣለለት።
ሽማግሌው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ዓሣውን መረመረና
"ፊርማው ይነበባል" አለ፤ ማኅተም መታበት።

የእኔ ድርሻ ምድር ቤቱ ነው፣ የባሩዱ ክፍል።
ግድግዳው ሁለት ክንድ ይወፍራል፣ ጣሪያው ግን ቀሊል፤
ፍንዳታ ቢነሣ ወደ ሰማይ ይሂድ፣ ሰው ይትረፍ ተብሎ።
እዚያ ነው ምድጃዬ፣ ሸክላ የምተኩስበት፣ እሳቱ ነድዶ ውሎ።
"እሳት ማቅረብ ክልክል ነው" የሚለውን ጽሑፍ ከበሩ አልፋቅሁትም።
እዚህ ቤት ዛሬም ይተኮሳል፤
ወድቆ የሚሰበር ግን ሳህን ነው፣ እሱንም ማንም አይቀብረውም።

አዳራሹን የለሰነችው ቬልታ ናት፤ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
እጅጌዋ እስከ ክርኗ ነጭ፣ ነጭ ነው ሽፋሽፍቷ።
የመጨረሻውን ቁምሣጥን ስንገፋ
ከጀርባው መስመር አየን፣ በሚስማር ይሁን በጥፍር የተቧጠጠ፣
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ በረድፍ የተቀመጠ።
ስም የለው። ዓመት የለው። ሰውዬው በምን ቋንቋ ቆጥሮ ይሆን?
ምልምል ነበር? እስረኛ? የሚጠብቀውስ መውጫውን ወይስ መሞቻውን?
የመጨረሻው ረድፍ አራት ላይ ቆሟል።
ተለቀቀ፣ ወይ ተወሰደ፣ ወይ መቁጠር ሰልችቶታል።

ኢልግቫርስ ተጠርቶ መጣ። ቆብ አወለቀ።
ብዙ ቆየ።
"ይህን አልተረከብሁም" አለ። "መዝገቤ ላይ የለም።"
ድምፁ ያኔ ነው እንደ ጡረተኛ የተሰማኝ።

በማግስቱ የሸንጎው ሞድሪስ ፕላኑን ዘርግቶ፦
"ሥዕል የሚያምረው ነጭ ላይ ነው፤ ሁሉም ይለሰን" አለ፣ ጣቱን ቀስሮ።
ቬልታ ከጣሪያ ጀምራ ወረደች፣ ማንኪያዋን እያፏጨች፣
ከመስመሮቹ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።
መሰላሉን ወረደች። ማንኪያዋን አጠበች።
"ኖራው አልበቃም" አለች።
በርሜሉ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር፤ ሁላችንም አየን።
ሞድሪስም አየ፤ ሳል መጣበት፤ ፕላኑን አጠፈ፤
"እንግዲህ በሚቀጥለው በጀት..." ብሎ ሳይጨርሰው አለፈ።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ሽማግሌው ባትሪውን አብርቶ
ከሁለት መቶ አርባ ቀጥሎ ጻፈ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፦
ቁጥር ሁለት መቶ አርባ አንድ። መስመር፣ የግድግዳ።
ብዛት፣ መቶ ዘጠኝ።
አስረካቢ፣ ያልታወቀ።
ተረካቢ የሚለውን ባዶ ተወው።

አሁን በየምሽቱ ብሩሹን ይቆጥራል፣ ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄዶ
በጣቱ ሳይነካ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ መስመሮቹን ይቆጥራል፤
"አልጎደለም" ይላል፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣
ያን ከባድ ቁልፍ ያዞራል።