የድሮው ዳርቻ

ለጉልበቴ ብሎ ሐኪሙ ያዘዘኝ፣
ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ሜዳ ላይ ነው ያለኝ።
ከሐረር በባጃጅ ሃያ ደቂቃ መንገድ፣
ኩሬ አለ ከመንደር ሥር፣ ለመዞር የማይከብድ።
ዙሪያው አምስት መቶ እርምጃም አይሞላ፤
በቀኝ ማሽላ ነው፣ በግራ ማሽላ፤
ከላይ የአርጎባ መንደር፣ ገደሉን ተደግፎ፣
ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ጉልበቱን አቅፎ።

አው ሺሃብ አገኙኝ፣ ከዘራ በእጃቸው፣
ኮንጎ የተጫሙ፣ የነተበ ሽርጣቸው።
«ኩሬውን ልዞር ነው» ስላቸው፣ «መልካም» አሉ፤
«የቱን ኩሬ?» ብለው ፊቴን አስተዋሉ።

አንድ ኩሬ ነበር ለእኔ የሚታየኝ፣
ሦስት ሞተር ጠጥቶት ከተረፈው ሲያየኝ።
እሳቸው ግን ዞሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፤
ከውኃው ራቁ፣ ማሳ ውስጥ ገብተው።
«በዚህ ነው» አሉና ከጫቱ መሐል፣
«ዳር ዳሩን ያዥ ልጄ፣ መሐሉ ያሰጥማል።»

አቧራ ነው እኮ።
እሳቸው ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣
እግራቸውን እንደ ሽመላ አንሥተው፣
አለፉ፤ ደረቁ ላይ ተጠንቅቀው፣ ቀስ ብለው።
«እዚህ ጋ ጭቃ ነው» አሉኝ ዘወር ብለው።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሰዓቴን አየሁኝ፤
አሥር ደቂቃ አልፏል፣ ሩቡንም አልዞርኩኝ።

«ይቺ የግመል በር፤ ከቆላው ሲመጡ፣
ጨው የጫኑ ግመሎች እዚህ ነው ’ሚጠጡ።»
(አንድ ጉቶ አለ እዚያ፣ ቱቦ ታስሮበት፣
የሞተር ማንኮራፋት ከታች ’ሚሰማበት።)
«ይኼ የሴቶቹ ነው፤ ወንድ አይደርስም ነበር»፣
ብለው አቀርቅረው አለፉ በማፈር።
ማንም የለም እዚያ፤ የበቆሎ ማሳ፣
አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ቂጡ የተበሳ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ፣
ስንቱን ሐይቅ ከብቤ በጠመኔ አሥምሬ፣
ደወሉ ሲደወል በዳስተር ጠርጌው፣
ነገ በሌላ ክፍል እሥለው ነበር መልሼው።
ውኃ እንደዚያ መስሎኝ።

የድሮው ዳርቻ ወደ መንደር ወጣ፤
ሐኪም የከለከለው ዳገትም አብሮ መጣ።
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጭቃ ሳያጣብቀው፣
ስንት ዘመን ቆሟል፣ ነፋስ ሳይነቀንቀው።
በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ያጎነብሳል ሰውን፤
የገባ ሁሉ ቀድሞ እጅ ይነሣል ወለሉን።
ጣሪያው የተራቆተ አንዱ ቤት ውስጥ ደግሞ፣
ቁልቋል በቅሏል፣ ረዝሟል፣ እንደ ባለቤት ቆሞ።

ከታችኛው ቤት ሥር ነጭ መስመር አለ፣
ኖራ መሳይ፣ ቀጭን፣ ድንጋዩን የከለለ።
አው ሺሃብ ቁጢጥ ብለው ጣት አሳረፉበት፤
«እስከዚህ ነው» አሉኝ። «የእኛ ደጃፍ። ክረምት።»
ሌላ አልተናገሩም።
ትንፋሻቸው እስኪመለስ
እኔም አብሬ ቁጢጥ አልኩ።

የልጃቸው ልጅ ረምላ ጀሪካን አዝላ መጣች፤
እኛ የዞርነውን ቀጥ ብላ ቆረጠች፤
በጥልቁ መሐል ላይ፣ በነጠላ ጫማዋ፣
ጠብታ ሳይነካት፣ ሳይርስ ቀሚሷ።
አው ሺሃብ ተነሡ፣ እጃቸው ተዘረጋ፤
«ቀስ!» ብለው ጮኹባት፣ «ቀስ በይ! እዚያ ጋ...»
ረምላ ዞራ ሳታይ እጇን አወዛወዘች።
ለምዳዋለች መሰል።
«ሞተሩ ሳይነሣ ልቅዳ ባባ!» እያለች
ወደ ትንሿ ኩሬ፣ ወደ ዛሬው ወረደች።

አው ሺሃብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤
«እኔ ቤቴ ደርሻለሁ፣ አንቺ ጨርሽው ዳሩን።»

ለመመለስ መቼም አቋራጭ ነበረ፣
ጉልበቴም ጠዘጠዘ፣ ፀሐዩም ከረረ፤
ሰዓቴን አላየሁም፣ ሰዓትማ አልፎኛል፤
ሚፍታህም ባጃጁ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል።
ሦስቴ ከመንገድ ላይ ጡሩንባ ነፋብኝ።
እኔ ግን ዳር ዳሩን፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፤
ጭቃው ጋ ስደርስም ጫማ አወለቅኩኝ።