አዟሪዋ

ነርሷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየች፤
«ስኳሩ ከደጅ ነው፣ ገና አልገባም» አለች፤
«ተንቀሳቀሺበት።»

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከመዝገብ ቤት ወንበር፣
የሰው መሬት ፋይል በሲባጎ ሳስር፣
የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን ሳጣራ፣
የገዛ ወገቤ ድንበር ገፍቶ ሄደ፣ ሽማግሌ ሳይጠራ።

ሩጫ አይሆነኝም። የደብረ ብርሃን ውርጭ
በማለዳ ሣር ላይ ጨው መስሎ ሲረጭ፣
በዚህ ሰፊ ቀሚስ ሳለከልክ በሌሊት፣
ጠባሴ ሳልደርስ እኔ፣ ወሬዬ ይሄዳል ፊት ፊት።

ገመድ ገዛሁ እንጂ፤
ቅዳሜ ገበያ፣ ከበግ ተራው ጥግ፣
ሰማያዊ ናይሎን፣ ያው የሚታሰርበት በግ።
ሻጩ እየለካ፣ «ለስንት በግ ናት?»
«ለአንዲት» አልሁት፣ «ሰብታ መነሣት ላቃታት።»

የመጀመሪያው ጠዋት፣ ከጓሮ፣ ከሮቶው አጠገብ፣
ጋቢ ጋርጄ አጥሩ ላይ፣ ሰው እንዳይሰበሰብ፣
ዘለልሁ፤ ገመዱ ገና ከኋላዬ፤
ጠበቅሁት፤ ሲመጣ ተተክሏል ጫማዬ፤
ሦስተኛው ጠለፈኝ፤ የአንድ እግሬ ነጠላ
በረረ ከሮቶው ኋላ።
አውራ ዶሮው እንኳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣
ታዘበኝ እንደ ዳኛ፣ አንድ ዓይኑን ሸሽጎ።

መክሊት፣ የጎረቤት፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣
ግርግሩን ሰምታ ብቅ አለች ከደጅ፤
«እትዬ የሺሐረግ፣ ይሄ እኮ ረዝሟል፤
መኻሉን ይርገጡት፣ ብብትዎ ጋ ሲደርስ ይበቃል።
ክንፍም አይዘርጉ! ክርንዎ ከጎንዎ አይራቅ፤
አንጓዎ ብቻ ይዙር፣ ቁልፍ እንደ መጠምዘዝ፣ ጠቅ።
ጣራ አይነካም ደግሞ! አንዲት ጣት ከምድር፤
ድመት ከግንብ ስትወርድ አላዩም? እንደሷ፣ ሳይሰማ ሰፈር።»
ቦርሳዋን ሳታወርድ አርባ ጊዜ ዘለለች፤
«እንዲህ ነው» አለችኝ፤ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።

ሸራ ጫማ ገዛሁ። ናይሎኑን ቆረጥሁት።
ሽው — ጧ። አንድ።
ሽው — ጧ። ሁለት።
ሽው —
ጠለፈኝ።
ሳንባዬ እንደ ወናፍ፣ ባቴ እንደ ድንጋይ፤
ሦስት ቀን በጎኔ ወረድሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ላይ።
«ምን ነካሽ?» ሲሉኝ፣ «ብርድ ነው» አልኋቸው።
ለብርድማ እዚህ አገር ማን ምስክር ይጠይቃቸው!

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ይመስለኛል፣
እግሬ የማያውቀውን እጄ አስታወሰኛል።
ማዞር ያውቃል እጄ!
ደነባ፣ ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር፣
ሌሎቹ ሲዘሉ እኔ ገመድ ሳዞር፣
ታናሽ ወንድሜን በአንቀልባ አዝዬ፤
«አዟሪ ናት እሷ»፤ ያ ነበር ተራዬ።
ልጅ ያዘለ ጀርባ መዝለል አይችልምና፣
ዕረፍቱ ያልቃል ሁሌ፣ ደወል ተመታና።
አላዘንሁም ያኔ። ምቱን ነው የያዝሁት፤
ለሰው እግር ብዬ በክንዴ የቆጠርሁት።

ያንኑ ምት ዛሬ ለራሴ አዞርሁና
ገባሁበት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት፣ ገና ገና፣
ስምንት ላይ ጋቢው ወደቀ ከአጥሩ፣
ይውደቅ! ያዩኝ እንደሆን ይቁጠሩ።
አሥር።
አሥራ አንድ።
አሥራ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቴን ገረፈው።

ማታ ለወንድሜ፣ ለጌታነህ ደወልሁለት፤
ሸዋ ሮቢት ቆሞ ሽንኩርት ሲጭን አገኘሁት።
«አሥራ አንድ ዘለልሁ» ስለው፣
ሳቀ፤ ቆየና ዝም አለ።
«እኔን አውርደሽ ነው?» አለ።
«አዎ» አልሁት፤ «ከብደህ ነበር ደግሞ።»

ነገ አሥራ ሁለት። ወይም ስድስት፤ ውርጩ እንዳዘዘ።
ገመዷ ከበሩ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤
በጓም ባቷን ቅባት ተቀብታ ተኝታለች።