የግራ ጉልበቷ

ዋትዘ ጠየቀኝ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣
«ጥቁሩ ጨርቅ የታል?» ባዶ እጄን አይቶ።
ጨርቅ የለም አልኩት፤ እኔ ጨርቅ አልይዝም፤
ጋጣህ ያቆረው ጨለማ ይበቃል፣ ሌላ አልሻም።

በሩ የሚከፈት ወደ ባሕሩ ግድብ፣
ሰማዩ ቆርቆሮ፣ የታጠበ፣ ርጥብ፤
የፍሪስላንድ ጥቅምት ፀሐይ ባይኖርበት
ብርሃን አያጣም፤ ከየት እንደሚመጣ እንጃለት።

ነገሩ አንድ እርምጃ ነው። ወደ ፊት ካለች፣
ጭቃ ላይ የቆመች አሮጊት ባዝራ ሆነች፤
ወደ ኋላ ካለች ሌሊት ዋጣት በቃ።
ደፉ ላይ ነው መቆም፣ ከሁለቱም ርቃ።

አምባላይ ብትሆን ኖሮ፣ ወይ ዳማ፣ ወይ ቦራ፣
ጨለማው ራሱ አውጥቶ ያሳያት ነበር ሳልሠራ።
ኡልስከ ግን ጉራቻ ናት፣ የሌሊት ከሰል፤
መለኪያው ዋሽቶ አመድ ሊያደርጋት ይታገላል፣
ጥቁር አይገባውም፣ ሁሉን ግራጫ ይላል።
ብርሃኑን ቀነስኩበት፣ ደግሜ ቀነስኩ፣
አንገቷ የምላጭ ስለት እስኪያህል ጠበቅኩ።

ጆሮዋን ካልቀሰረች ፎቶው ኩርፊያ ነው።
ታምከ፣ የልጁ ልጅ፣ ይህን ታውቀዋለች፤
የአጃ ባልዲ አንኳኳች፣ ጃንጥላ ዘረጋች፣
ከስልኳ የድንጉላ ድምፅ አሰማች።
ኡልስከ አዛጋች።
ሃያ ስድስት ዓመቷ፤ የድንጉላን ነገር ከተወችው ቆየች።

ያኔ ዋትዘ ሳለ።
ሆን ብሎ አይደለም፤ ገመዱን እንደያዘ፣ ጉሮሮውን በልቶት ሳለ።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከመብራቱ ቀድሞ፣ ከድርቆሹ ቀድሞ፣
ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ በር የገባ ሳል።
ሁለት ጆሮ ቀጥ አለ፤
ጣቴ ከሐሳቤ ቀደመ።

ማታ ኮምፒውተሩ ፊት ማጥፋት ጀመርኩ፦
ገመዱን፣ አቧራውን፣ አገጯ ላይ የቀረውን ገለባ፣
የዋትዘን እጅጌ ከክርኑ በታች፣
ቀስ እያልኩ፣ ጥቁር እያለበስኩ።
ዓይኗ ውስጥ የገባችውን ነጭ የበር ስንጥቅ ብቻ ተውኳት፤
ያለ እሷ ዓይን ጉድጓድ ነው።

በሳምንቱ ወሰድኩለት፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ወረቀት።
የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ አይቡንና ቢላውን ገፍቶ ዘረጋት፤
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።
ምስጋና ጠበቅኩ።
«የግራ ጉልበቷስ?» አለ።
«የትኛው?»
«ሽቦ የቆረጣት። ሦስት ሌሊት አብሬያት ጋጣ ያደርኩበት።»
እዚያው ነው አልኩት፣ ጨለማው ውስጥ፤ ብርሃኑ አልደረሰበትም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።
ኡልስከ እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ትግጣለች፣
ከነጉልበቷ።
ደግሞ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤
የተሰነጠቀ ጣቱን ከደረቷ ጀምሮ ቁልቁል ወሰደው፣
ምንም በሌለበት፣ ጥቁሩን እየዳበሰ፣
በር የጠፋበት ሰው ግድግዳ እንደሚዳብስ፤
አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።
«እዚህ ጋ፣» አለ።

እንዲህ ያለ ወረቀት የጣት ቅባት አይለቅም።
ሌላ ላትምልህ አልኩት፤
አይብ ቆርሶ ሰጠኝ እንጂ አልመለሰልኝም።
አሁን ምድጃው አጠገብ ተሰቅላለች፤
ፊት ለፊት ለሚያያት አንገትና ዓይን ናት፣
በጎን ለሚያያት ግን፣ መስኮቱ ሲያበራባት፣
ከጥቁሩ ሥር፣ ወደ ግራ፣
አንዲት ክብ፣ ወዛም፣
የአውራ ጣት የምታህል ጉልበት አለቻት።