ሦስት ጣት

ሙሐረቅ፣ ጣሪያው ላይ፣ ልብስ ሳሰጣ ማታ
አውሮፕላን ይወርዳል፣ ጎማውን ዘርግቶ፣ አንሶላዬን ሊመታ።
ሰፈሩ ለምዶታል፤ ቀና የሚል የለም።
እኔም በመጀመሪያው ዓመት ቆጥሬ ቆጥሬ፣ አሁን አልቆጥርም።

ፈዋዝ በደረጃው ወጣ፣ ሉሉን እንደ ሐብሐብ አቅፎ፣
እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ክር ከኪሱ ተርፎ።
«ከዚህ ተነሥታችሁ የትም ብረሩ ተብለናል፤
ርቀቱም ጊዜውም ተሰልቶ ይመጣል።
ለንደንን ሁሉም ወስዶታል። ያንቺ የታለ፣ ጦይባ?»

ቦሌን ፈለግኩለት። ሉሉ ላይ አልተጻፈም፤
ለጣቴ ግን ያለ ፊደልም ቦታው አልጠፋውም።
ክሩን ወጠረው፣ በረሃውን ተሻግሮ፣
ሳዑዲን በሙሉ፣ ቀይ ባሕርን ጨምሮ፣
ቆረጠው። ለካሁት፦
ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት።
ስንዝር እንኳ አልሞላ።

አባዛ፦ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና።
ለስምንት መቶ ሃምሳ አካፈለና፣
ለመነሻ ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨመረና፣
«ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ!» አለ፣
መልስ እንደሚቆጥር ባለሱቅ።

የሰዓት ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ከፋው፤
መምህሩ የሚደመር ነገር ነው የሚወደው።
«አለ እንጂ» አልኩት፣ «እናንተ ዘጠኝ ስትሉ በጠዋት
እኛ ሦስት እንላለን፤ ፀሐይዋ ያው ናት።»
ስድስት ብሎ ጻፈ፣ በላጲስ አጠፋው፣
ቆይቶ ደግሞ መለሰው።

ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት።
እሱንማ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ነው የኖርኩት፦
የአንድ ድስት ሐሪስ መብሰያ፣
የሃያ ጀለቢያ መተኮሻ።
ሐሪሱን ጥጄ ብነሣ
ቦሌ ስወርድ ነው የሚወጣ።

ያን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሙሔ ደወለ።
«አባትሽ...» አለና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።
ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበሩት።
ከጎህ እስከ ዐስር፣ ይኸው ዛሬ ሳሰላው፣
ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገባል፤
ትንሽም ይተርፋል።

እርግጥ ከቦሌ ወዲያ ኩታበር አለ።
ሉሉ ላይ የትንሿ ጣቴ ጥፍር አይሞላም፤
አውቶቡሱ ግን ቀን ሙሉ ነው፣ ጭጋግ ካለም ያድራል።
አልደርስም ነበር ማለት ነው።
እንዲያም ሆኖ፣
ፈዋዝ ያልጠየቀኝ፣ እኔም ያልነገርኩት፣
ከዚህ ጣሪያ እስከ እናቱ መሳቢያ፣
ፓስፖርቴ እስከተኛበት፣
ሃያ ሁለት ደረጃ ነው።
አምስት ዓመት ወርጄ አልጨረስኩትም።
እሱ ለስንት ይካፈላል?

ሐሙስ ደብተሩ መጣ፦ ሙሉ ነጥብ፣
ስድስቷ ብቻ በቀይ ተሠርዛ።
ተናደደልኝ። «ፀሐይሽን ተሳስታለች አሏት» አለኝ።

ዛሬ ሽርጤን ሳጥብ ክሩ ከኪሴ ወጣ።
የሸሚዙ ደረት ክፍት ነበርና
መርፌ ላይ ሰካሁት፣ ቋጠርኩት፣
አንዴ ሳብኩት፣
አለቀ።
ለአንዲት ቁልፍ እንኳ
አልበቃም።